ይቆይ የተባለው ለቅሶ

የኒሙ ዛፍ መቆረጡን አምባሮ ያወቀችው ሲወድቅ ነው። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ጋደም እንዳለች ግቢው ውስጥ ከመኪና ላይ የተጣለ የስኳር ጆንያ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ሻሿን እያስተካከለች ስትወጣ ሦስት ወታደሮች መጋዝ ይዘው ቆመዋል፤ አራተኛው በወደቀው ግንድ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ይለኩሳል። በማን ፈቃድ እንደገቡ ጠየቀች። "እናቴ፣ ክቡር ሚኒስትሩ እኮ ዛሬ ምሳ የሚበሉት እዚህ ነው" አላት የተቀመጠው። "ታዲያ ዛፉ ምን አደረጋቸው?" አለች። "ለጥበቃ ነው። ሰው ሊደበቅበት ይችላል።" አምባሮ ዛፉን አየችው። አርባ ዓመት ሙሉ ከድመትና ከሰፈር ልጆች በቀር ማንም አልተደበቀበትም። ወታደሩ ፊቷን አይቶ መሰለኝ አዘነላት፤ "እንጨቱን ግን ለማገዶ ውሰጂው፣ እኛ አንፈልገውም" አለና የገዛ ዛፏን እንደ ስጦታ አበረከተላት።

ሚኒስትሩ ቡራሌ ታናሽ ወንድሟ ነው። የመከላከያ ሚኒስትር ከሆነ ስምንት ወሩ ነው፤ በነዚህ ስምንት ወራት ሆዳን ሰፈር፣ እሷ ቤት፣ ብቅ ብሎ አያውቅም። ቢሮውም መኖሪያውም አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች በሲሚንቶ ግንብና በአሸዋ ጆንያ ታጥረው በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ። ከዚያ እሷ ቤት በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ግን ቡራሌ ባጃጅ ሲያስነጥስ ቦምብ ይመስለዋል ይባላል፤ ሞቃዲሾ ውስጥ ተቀምጦ ሞቃዲሾን በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ነው። ትናንት ከሰዓት ጸሐፊው ደውሎ "ክቡርነታቸው ነገ ምሳ እርስዎ ጋ ናቸው፤ አንድ የጎሳ ሽማግሌም አብረዋቸው ይመጣሉ" ሲላት፣ አምባሮ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነበር።

ምክንያቱም ልጇ ማሐድ ወታደር ነው። ሸበሌ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት አቧራማ ከተማ፣ የጦር ሰፈር ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ታጣቂዎች ፈንጂ በጫነ መኪና በሩን ሰብረው ገቡበት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። አምባሮ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ትደውላለች፣ ሂሳብ እየተቀበለች ትደውላለች፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ደንበኛው ሊገኙ እንደማይችሉ ሁሌም በዚያው ትሕትና ትነግራታለች። እሑድ ማታ ደግሞ የገዛ ወንድሟ ግራጫ ከረባት አስሮ በቴሌቪዥን ቀረበና "ጦራችን ለስልታዊ ምክንያት የቦታ ለውጥ አድርጓል። በእኛ በኩል የደረሰ የሰው ጉዳት የለም። ዝርዝሩ እየተጣራ ነው" አለ። አምባሮ አላመነችውም፤ ሆኖም ላለማመን ጉልበት አልነበራትም። አሁን ግን ራሱ ሊመጣ ነው። ለጎረቤቷ ለሂንዲያ በአጥሩ ላይ ነገረቻት፦ "ልጄ በሕይወት አለ። መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው ምሳ አያስደግስም።" ሂንዲያም "ለመርዶማ ዛፍ አያስቆርጥም፣ አባዮ" አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነው። ሁለቱም ሳቁ።

ሥጋ ሻጩ የማን ምሳ እንደሆነ ሰምቶ ቆይቷል። ትናንት ሰማንያ ዶላር ያላትን ፍየል ዛሬ መቶ ሃያ አላት። "ለኛ እኮ አይደለም፣ ለመንግሥት ነው" አለ፣ መንግሥት ይከፍል ይመስል። አምባሮ ስልኳን ነካክታ ገንዘቡን ላከችለትና እሱም የራሱን ስልክ አይቶ "ደረሰኝ፣ አላህ ይጨምርልሽ" አላት። ሩዙን ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር አፈላች፤ ከሩዙ ጋር የሚበላውን ሙዝ ለይታ አስቀመጠች፤ ቃሪያውን ከቲማቲምና ከሎሚ ጋር ወቀጠች። ሂንዲያ ሽንኩርት እየላጠች የቡራሌን ነገር ታነሳለች፣ አምባሮ አልሰማ ትላለች። ዛሬ ወንድሟን መውደድ ፈልጋለች፤ ቀላል ሥራ አልነበረም።

ቡራሌ ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ይህ እንደ ነውር አይቆጠርበትም፤ ከሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ ሚኒስትሮች ተኩሰው ያውቁ ነበር፣ ለአገሩ የተረፈው ግን ጥይት መወደዱ ብቻ ነው። በልጅነቱ አባታቸው በግ ሲያርዱ አልጋ ስር ይገባና ሥጋው ሲበስል ይወጣ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሲሆነው፣ አገሩ ገና መንግሥት ሳለው፣ በአንድ ዘመድ በኩል በረዶ ወደማይጠፋበት የአውሮፓ ከተማ ሦስተኛ ጸሐፊ ተብሎ ተላከ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መንግሥቱ ፈረሰ። አምባሳደሩ ወደ ካናዳ፣ አንደኛው ጸሐፊ ወደ ታክሲ ሥራ፣ ሁለተኛው ጸሐፊ ወደ ሃይማኖት ሲሄዱ ቡራሌ ማኅተሙን ይዞ ቀረ። ማኅተም የያዘ ሰው ኤምባሲ ነው። በኪራይ ቤቱ ኩሽና፣ ከእንቁላል መጥበሻው አጠገብ፣ የሌለ መንግሥት ፓስፖርት እያተመ ዓመታት ኖረ። መንግሥት የሌለውን አገር መወከልን የመሰለ የተመቸ ሥራ የለም፤ መመሪያ የሚልክ የለ፣ ሪፖርት የሚጠይቅ የለ። በየአገሩ በዓል ይጠራል፤ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ በስንጥር የተሰካ ዓሣ ይበላል፤ ስለ አገሩ ሲጠይቁት "ሁኔታው ውስብስብ ነው" ይላል። መንግሥት እንደገና ሲቋቋም፣ ከቦታው ማንሳቱን ያስታወሰ ባለመኖሩ፣ አምባሳደር ሆነ። በኋላ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ተዛወረና ውድ ሰዓት ማሰር ተማረ።

ያኔ እናታቸው ታማ አልመጣም። እናታቸው ሞታ ቴሌግራም ላከ። አምባሮ በጦርነቱ ሁሉ እዚህችው ነበረች፤ ባሏን ቀበረች፣ ቤቱን ጠበቀች፣ ልጇን አሳደገች። የመከላከያው ወንበር በሥልጣን ክፍፍሉ ለጎሳቸው ሲደርስ ሁለት የጦር አዛዦች ተፋለሙበት። አንደኛውን የጎሳው ግማሽ ይጠላዋል፣ ሌላኛውን የቀረው ግማሽ። ቡራሌን የሚጠላ አልተገኘም፤ ሠላሳ ዓመት ያየው የለማ። እንዲህ ሆኖ ተሾመ። በዚህ ከተማ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ አንካሳው አንካሳው፣ ጆሮ ትልቁ ጆሮ ትልቁ እየተባለ ፊት ለፊት ይጠራል፣ የሚቀየምም የለም። ለቡራሌ በወሩ ወጣለት። ሰፈሩ ሁሉ "እየተጣራ ነው" ይለዋል። የአምባሮ ሱቅ ደንበኞች ሳይቀሩ "እየተጣራ ነው ወንድምሽ ደህና ነው?" ይሏታል፣ በቁም ነገር።

አንድ ጊዜ ብቻ ለምናው ነበር። ደውላ፣ ማሐድን ወደ ከተማ አዛውርልኝ፣ በር ጠባቂ ይሁን፣ ሻይ ያመላልስ፣ አይኔ ይየው አለችው። ቡራሌ የሚኒስትር ዘመድ ግንባር መሆኑ ለሠራዊቱ መንፈስ ያለውን ጥቅም አስረዳት። በሳምንቱ ለአጋር አገሮች ተወካዮች ንግግር ሲያደርግ "የእህቴ ልጅ በዚህች ሰዓት ግንባር ነው" አለ፤ ድምፁም ትንሽ ተሰበረ። አጨበጨቡለት። አምባሮ በቴሌቪዥን አይታ ልጇ ስለተጠራ ኮራች። 

ሰባት መኪና ሆነው መጡ። መንገዱ ተዘጋ፤ ጥግ ላይ ጫት የምትሸጠው ሴት ከነጆንያዋ ተነሳች፤ ባጃጆች እየተሳደቡ ተመለሱ። ቡራሌ በዚያ ፀሐይ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶው ቀድሞት ገባ። አምባሮን ትከሻዋን ይዞ አያትና "አባዮ፣ አላረጀሽም" አላት፤ አርጅታለች። ግቢውን ቃኘ። ፀሐዩ መሬቱን እንደ ምጣድ አግሎታል። "እዚህ ዛፍ አልነበረም?" አለ። "ነበር" አለችው። "ጥሩ ጥላ ነበረው" አለና ገባ። ከኋላው ሁሉም አደር፣ አጎቴ፣ የሚለው የጎሳው ሽማግሌ ሺሬ ሂና በተቀባ ጺሙ ከዘራውን እየተደገፈ ተከተለ። ሰላምታው አጭር ነበር፤ እንደ ወትሮው የእናቷንና የእናቷን እናት ስም ጠርቶ አልመረቃትም። አምባሮ ሙቀቱ ነው አለች።

ሳሎኑ ውስጥ ፕላስቲኩ ያልተነሳለት ቀይ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ቡራሌ ስለ ሙቀቱ ተናገረ። ስለ ሩዝ ዋጋ ጠየቃት፣ ነገረችው፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታየ ጭማሪ መሆኑን አብራራላት። ስለ ስኳር በሽታዋ ጠየቃት፣ የደም ግፊት ነው አለችው፣ ለሱም ቢሆን ጨው መቀነስ ጥሩ ነው አላት።   አምባሮ ስለ ልጇ ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው። እንግዳ ሳይበላ አይጠየቅም። ደግሞም ደስታው ከምግብ በኋላ ቢሆን ምን ቸገረ።

ትሪውን አምጥታ መሐል አስቀመጠች። ሩዙ ይጤሳል፣ ጎድኑ በላዩ ተጋድሟል፣ ሙዙ ዙሪያውን ተደርድሯል። ቡራሌ ሹካ ጠየቀ። ሹካው ሲመጣ ሥጋውን በሥርዓት እየቆረጠ፣ "እንዲህ ያለ ሩዝ በየትኛውም ዋና ከተማ አላገኘሁም" እያለ መብላት ጀመረ። አደር ሺሬ እጁን ታጠበ፣ ቢስሚላህ አለ፣ እጁን ግን ከዘራው ላይ መልሶ አስቀመጠ። "ብላ እንጂ፣ አደር" አለችው። "ሆዴ አላማረኝም፣ ልጄ።" አምባሮ ሽማግሌውን ታውቀዋለች። ከጦርነቱ በፊት፣ በጦርነቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ ከፍየል ጎድን ፊቱን ያዞረበት ቀን አልነበረም። ሰርግ ላይ በልቷል፣ እርቅ ላይ በልቷል፣ በተጣሉት ወገኖች በሁለቱም ቤት በልቷል። ሞት ሊነግርበት በመጣው ቤት ግን የሚበላ ሽማግሌ በዚህ አገር የለም። እጁን አየችው። አሁንም ከዘራው ላይ ነው። ቡራሌ ስለ ሙዝ ኤክስፖርት እያወራ ነበር።

"ቡራሌ" አለች። "ማሐድ የት ነው?"

ሹካውን አስቀመጠ፤ አፉን በመሐረብ ጠረገ። "አባዮ፣ የማሐድን ጉዳይ በተመለከተ…"

"ጉዳይ?"

"ሁኔታው ገና በመጣራት ላይ ሲሆን…"

አደር ሺሬ በከዘራው ወለሉን መታ። "ሞቷል፣ ልጄ። ቅዳሜ ነው። እዚያው ቀብረውታል፤ ተሰግዶበታል። አላህ ይዘንለት።"

አምባሮ ትሪው ላይ ያለችውን አንድ የሩዝ ፍሬ ከጠርዙ ወደ ውስጥ መለሰቻት። ከዚያ "ከፈን አግኝተውለታል?" አለች። "የመስጊዱ ሰዎች ሰጥተዋል" አለ ሽማግሌው። "ነጭ ነው?" "ነጭ ነው።" ራሷን ነቀነቀች። ወደ ወንድሟ ዞራ "ስንት ሞቱ?" አለችው። ቡራሌ ቁጥሩን በዚህ ደረጃ መግለጽ ተገቢ እንደማይሆን ነገራት፤ እዚያው ሳያቋርጥ የመጣበትን ነገር ጀመረ። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ ስብሰባ አለ። አጋሮች ይመጣሉ። ለሠራዊቱ የሚሰጠው ገንዘብ የሚወሰነው እዚያ ነው። መግለጫው ደግሞ አንዴ ወጥቷል፤ ጉዳት የለም ተብሏል። የሚኒስትሩ እህት ቤት ለቅሶ ከተተከለ መግለጫው ምን ይሆናል? ስለዚህ ለቅሶው ይቆይልን። አሥር ቀን። ከዚያ እሱ ራሱ፣ በባንዲራ፣ በማርሽ ባንድ፣ ጄኔራሎች ባሉበት፣ ለማሐድ የሚገባውን ክብር ይሰጠዋል። እሷንም ሐጅ ይልካታል።

"ለቅሶ እንደ ስብሰባ ይቆያል?" አለች።

"ማስተላለፍ እንጂ መሰረዝ አይደለም።"

"ሰው ልጅሽ ደህና ነው ወይ ሲለኝስ?"

"ደህና ነው ማለት አይጠበቅብሽም። ምንም አትበይ። ምንም አለማለትም መልስ ነው።"

ወደ ሽማግሌው ዞረች። "አንተስ፣ አደር?" አደር ሺሬ ምንጣፉን አየ። "የጎሳው ወንበር ነው፣ ልጄ" አለ። "ይህን ወንበር ስንት ዓመት ጠበቅነው።" ስለ ወንበሩ ሲናገር ድምፁ ስለ ማሐድ ሲናገር ከነበረው ይልቅ የጠነከረ ነበር። አምባሮ ሁለቱንም አየቻቸው፤ አንዱ በልቷል፣ አንዱ አልበላም፣ ሌላ ልዩነት አላገኘችባቸውም።

"በሕይወት ሳለ በቴሌቪዥን ጠራኸው" አለችው ወንድሟን። "ሲሞት ስሙ አይጠራ?"

ቡራሌ አሰበበት። "ያ ሌላ መድረክ ነበር" አለ።

አምባሮ ተነሳች። "ጨርሱ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል" አለችና ወጣች። ቡራሌ ይህንን እንደ ስምምነት ወሰደው። በሙያው፣ ሌላኛው ወገን ስብሰባውን ረግጦ ካልወጣ ተስማምቷል ማለት ነው፤ እህቱ ደግሞ የወጣችው በዝግታ ነበር። ጸሐፊውን በስልክ ጠርቶ "ቤተሰቡ ተረድቶናል" ሲለው ሹካውን መልሶ አንስቷል።

ማዕድ ቤት ሂንዲያ የሻይ ቅመም እየወቀጠች ነበር፤ ቀና ስትል የአምባሮን ፊት አየች። አምባሮ አንዲት ቃል ነው የተናገረችው። "ወንበር" አለች። "ስንት?" አለች ሂንዲያ፣ ገና ሳይገባት። "ያለውን ሁሉ። ውጭ፣ ግንቡ ስር ይደርደር።" በሞቃዲሾ ሴት በጠራራ ፀሐይ ከአጥሯ ውጭ የፕላስቲክ ወንበር ካስደረደረች ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሂንዲያ አፏን በእጇ ያዘችና ሙቀጫውን እንዳለ ትታ፣ መስጊዱ ጋ ወንበርና ሸራ ወደሚያከራየው ሰው ሮጠች። ጋሪው ሲመጣ በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮች አዩት። ጠዋት ግንዱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሲጋራውን ጣለ። "ለማን ነው?" አላት ሂንዲያን በቀስታ። "ለማሐድ" አለችው። ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ጀርባው አዞረና ሁለት ሁለት ወንበር እያነሳ መደርደር ጀመረ። ጓደኛው "ትእዛዝ አለ እንዴ?" ቢለው "ዝም በልና ሸራውን ያዝ" አለው።

ወሬ እግር አያስፈልገውም። ጫት ሻጯ ቦታዋ ሳትመለስ ቀጥታ ግቢው ገባችና ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ማሐድን ቁርአን ያስቀራው ሞአሊም ኑሬ በልጅ ልጁ ትከሻ ላይ ተደግፎ መጣ። የሱቅ ጎረቤቶች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ የማሐድ የኳስ ጓደኞች መጡ። ሳሎን ውስጥ ሻዩ ተጠጥቶ፣ ሐልዋው ተቀምሶ፣ ቡራሌ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ በሩን ሲያልፍ መንገዱ በሰው ሞልቷል። መጀመሪያ ሊቀበሉት የወጡ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ሸራውን አየ። ለቅሶ ቤት የእናትየው ወንድም ካለ እጁ ሳይጨበጥ ማንም አያልፍም፤ ሞአሊም ኑሬ ዓይኑ በደንብ አያይም፣ ሽቶውን ተከትሎ ደረሰበትና የማጽናኛውን ዱዓ እያለ እጁን ዘረጋ።

"ቡራሌ፣ አላህ ሰብርና ኢማን ይስጠን።"

ለጋዜጠኛ መልስ ነበረው፤ ለአምባሳደርም፣ ለፓርላማም። ለተዘረጋ እጅ ግን ከመጨበጥ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት የማን እጅ መሆኑን ሳይጠይቅ ሲጨብጥ ኖሯል። "አሚን" አለ። ጸሐፊው ከኋላው ዓይኑን ጨፈነ። አሚን ማለት ሞቷል ማለት ነው፣ ሚኒስትሩም ብሏል፣ በትንሹ ሦስት ስልክም ቀርጾታል። ቡራሌ ምን እንዳለ ሲገባው የሚቀጥለው ሰው እጁን ይዞታል። "ሰብርና ኢማን ይስጠን።" "አሚን።" ሌላው። "አሚን።" እጁን ለማስለቀቅ ሞከረ፤ ግን በዚህ አገር ለቅሶ ላይ የተያዘ እጅ ዱዓው ሳያልቅ አይለቀቅም። አደር ሺሬ ጊዜ አላጠፋም፤ ነገሩ የዞረበትን አቅጣጫ አይቶ ሄዶ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠና ጺሙን እያሻሸ ዱዓ መምራት ጀመረ።

አሥር ሰዓት ላይ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አንድ ልብሱ አቧራ የለበሰ ሽማግሌ ከያቅሺድ ሰፈር በባጃጅ መጥቶ ተራውን ጠበቀና የሚኒስትሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ለጀማዕ" አለው። "ጀማዕ ማነው?" አለ ቡራሌ። "ልጄ ነው። ካንተ እህት ልጅ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሰፈራችን ወታደር መጥቶ ወንበር እንዳታወጡ አለን። እዚህ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ።" ቡራሌ ወደ መኪኖቹ አየ። ሾፌሮቹ ወርደው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "አሚን" አለ። ከዚያ "ለአብሺር" ያለ መጣ፣ ከዚያ "ለወንድሜ ለጉሌ"። ጸሐፊው ጆሮው ስር ቤተ መንግሥት ስልክ ላይ ነው ብሎ አንሾካሾከ። "እየመጣሁ ነው በላቸው" አለ ቡራሌ፣ እጁ እንደተያዘ።

ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ጠባብ ምንጣፍ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። አምባሮ መሐል ናት፤ አሁን ታለቅሳለች፣ ሂንዲያ ትከሻዋን ይዛለች። አንዲት ቀጭን ሴት በሩ ላይ ቆማ መግባቱንም መመለሱንም አልቻለችም። አምባሮ አየቻት። "ግቢ እንጂ" አለቻት። ሴትየዋ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። "እኔ እኮ ጎሳዬ ሌላ ነው።" "ልጅሽስ?" አለች አምባሮ። "እዚያው ነበር።" አምባሮ በመዳፏ ምንጣፉን ጠረገችና ጎረቤቶቿን "ተጠጉላት" አለቻቸው። ተጠጉ። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ስትቀመጥ ጉልበቷ ከአምባሮ ጉልበት ጋር ገጠመ። የልጇን ስም ጠየቀቻት፣ ነገረቻት፣ አብረው ጠሩት።

ከግንቡ ወዲያ የቡራሌ ድምፅ ይሰማል። አሚን ይላል፣ ደግሞ አሚን ይላል። ድምፁ ደርቋል። ውሃ ያቀረበለት ሰው አልነበረም።